ራዲዮውን አዙሩት

አንቴና በረዘመ ቁጥር ራዲዮ ይጠራል የሚል እምነት ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ተንሰራፍቷል። ትንሽ ከተንኮሻኮሸ አንዱ ተነሥቶ ጫፉን ይዞ እስኪገነጠል ይመዘዋል። ስንቱ ራዲዮ በዚህ ተሰብሮ የጃንጥላ ብረት ተሰክቶለታል!

ሒሳቡ ቀላል ነው። 300ን ጣቢያው በሚሰራጭበት ሜጋኸርዝ ስታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ፤ ለዘንግ አንቴና የሚስማማው የዚያ ሩብ ነው። የባሕር ዳር ኤፍኤም 96.9 ሩብ 77 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የጃንጥላው ብረት የሚሠራውም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ነው፤ የሚስቁበት ይወቁት። የአማራ ራዲዮ ሲሰራጭ የኖረበት የአጭር ሞገድ 6090 ኪሎኸርዝ ሩብ ግን 12 ሜትር ነው፤ ለእሱ ከባሕር ዛፍ እስከ መስኮት ሽቦ ዘርጉለት።

የኔ ጉዳይ መካከለኛ ሞገድ ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ 873 ኪሎኸርዝ ሩብ 86 ሜትር ይመጣል። የትኛው ዘንግ ይደርስበታል? ደግሞም የሚመዘዘው ዘንግ እዚህ ሥራ የለውም። የእጅ ራዲዮን ክዳን ብትከፍቱ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ታያላችሁ። ፌራይት ይባላል፤ ሲወድቅ እንደ ጠመኔ ይሰበራል። የሞገዱን መግነጢሳዊ ጉልበት ይሰበስባል፤ ጥምጥሙ ደግሞ ከመቃኛው ካፓሲተር ጋር ሆኖ ለመረጣችሁት ጣቢያ ይስማማል። በመቶ ሜትር የሚለካ ሞገድ በአንድ ጣት ርዝመት የሚያዘው በዚህ ብልሃት ነው።

እንጅባራ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን ለቀትር ዜና አንቴናውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲያወዛውዙ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ራዲዮውን ራሱን ያዙሩት።»

«እስኪ አንተ አዙረው።»

ትንሽ ሳዞረው ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ሩብ ዙር ስጨምርበት ቤቱን ሞላው።

«ተበላሽቶ አልነበረም እንዴ?» አሉ።

ፌራይቱ ጫፉን ወደ ጣቢያው ሲያዞር ይደነቁራል፤ ጎኑን ሲሰጥ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው በራዲዮው ረጅም ጎን አቅጣጫ ነው። አዲስ አበባ ከእንጅባራ በደቡብ ምሥራቅ ስለሆነች የራዲዮው ፊት ወይም ጀርባ ወደዚያ ይሁን። ሁለቱም ያው ነው።

ርዝመት ቀልድ የማያውቀው ለአሰራጩ ነው። በልኩ ያልተስተካከለ አንቴና የተላከለትን ጉልበት ወደ ማሰራጫው ይመልሰዋል፤ ማሰራጫው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ማማው ራሱ አንቴና ነው፤ እግሩም ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሸክላ ላይ ይቆማል። ተቀባዩ ግን ታጋሽ ነው። እንዲያውም ሽቦው ከልክ በላይ ሲረዝም ኃይለኛ ጣቢያዎች ራዲዮውን ያጨናንቁትና በሌሉበት ቦታ ሁሉ ይሰማሉ።

ባሕር ዛፉ ላይ ሽቦ የሰቀላችሁ፣ ክረምት ላይ ሰማዩ ማጉረምረም ሳይጀምር ከራዲዮው ንቀሉት።