የማተሚያ ቤቱ ወረፋ

አራት ኪሎ የሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን አቋቋሙት፤ በ1917 ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው እዚህ ነው። አዲስ ዘመንና ሄራልድ፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ የግል ጋዜጦችም ከዚሁ ግቢ ይወጣሉ። የኢትዮጵያን የኅትመት ሚዲያ አቅምና ድክመት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

በጥቅምት 1985 የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲታወጅ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። አዋጁ የመጻፍን ፈቃድ ሰጠ፤ ማተሚያ ማሽን ግን አልሰጠም። ጋዜጣን በሺዎች ቅጂ በአንድ ሌሊት የሚያወጣ ማሽን ውድ ነው፤ ወረቀቱ፣ ቀለሙና መለዋወጫው የሚመጡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ቢኖሩም በመጠንም በዋጋም ብርሃንና ሰላምን፣ የመንግሥቱን ድርጅት፣ የሚገዳደር አልነበረም። ስለዚህ መንግሥትን የሚተቸውም የሚያወድሰውም ጋዜጣ ወረፋ የያዘው አንድ በር ላይ ነው።

በሚያዝያ 2004 ማተሚያ ቤቱ ለአሳታሚዎች አዲስ ውል አቀረበ። ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለራሱ የሚሰጥ አንቀጽ ነበረበት። አሳታሚዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ምክንያታቸውም በቂ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ ውሉ ግን ያንኑ ሥራ ለማተሚያ ቤት ሠራተኛ አሳልፎ የሚሰጥ ነበር።

ከሦስት ወራት በኋላ ደግሞ ጫናው በግልጽ ታየ። በሐምሌ 2004 ፍትሕ ጋዜጣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤንነት የጻፈበት ዕትም፣ 30 ሺህ ያህል ቅጂ፣ እንዳይሰራጭ ታገደ። ጋዜጣው ከዚያ ወዲያ አታሚ አጥቶ ከገበያ ወጣ።

ሌላው ጫና የሚመጣው ከገንዘብ ነው። የጋዜጣ መሸጫ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የኅትመት ወጪውን እንኳ አይሸፍንም፤ ልዩነቱን የሚሞላው ማስታወቂያ ነው። ከትልልቆቹ አስነጋሪዎች መካከል ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች አሉ። የመንግሥቱን ጋዜጣ አዲስ ዘመንን ብዙ ሰው የሚገዛው ለጨረታውና ለክፍት የሥራ ቦታው ነው። የግሉ ነጋዴም ፈቃዱ፣ ግብሩና የባንክ ብድሩ ከመንግሥት ቢሮ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ባለሥልጣን የሚያስቆጣ ጋዜጣ ላይ ስሙ እንዲታይ አይደፍርም። ማንም ደውሎ ማስጠንቀቅ ሳያስፈልገው ጋዜጣው በገንዘብ እጥረት ይደክማል።

በአራት ኪሎና በፒያሳ ጎዳናዎች የነበረው የኪራይ ንባብም በዚህ የገንዘብ እጥረት የራሱ ድርሻ ነበረው። አንባቢው መንገድ ዳር ተቀምጦ ለአዟሪው ጥቂት ሳንቲም ይከፍልና ጋዜጣውን ከፊት ገጽ እስከ ስፖርቱ ይጨርሳል፤ ከዚያ አጣጥፎ ይመልሳል። ቀጥሎ የሚጠብቀው ሰው ይቀበለዋል። አንዱ ቅጂ እስኪመሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል፤ አሳታሚው ግን ያገኘው የአንድ ቅጂ ዋጋ ብቻ ነው። ይህ የንባብ ጥማት ትልቅ ሀብት ነበር፤ ወደ ጋዜጦቹ ካዝና የሚገባበት መንገድ ግን አልተገኘለትም።

ከገንዘቡ ጫና ሌላ ቀጥተኛ እርምጃም ነበር። በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት በርካታ ጋዜጦች ተዘጉ፤ አዘጋጆቻቸውም ታሰሩ። በኅዳር 2002 አዲስ ነገር ጋዜጣ ተቋረጠ፣ አዘጋጆቹም ተሰደዱ። የዛሬው ፈተና በአመዛኙ የወረቀት ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ወረቀትም አብሮ ተወደደ። ብዙ ጋዜጠኞች ፊታቸውን ወደ ዩቲዩብ አዙረዋል።

መፍትሔው ግን አይታጣም። አሳታሚዎች በአክሲዮን የጋራ ማተሚያ ቤት ቢያቋቁሙ፣ መንግሥትም በጋዜጣ ወረቀት ላይ የሚጥለውን ቀረጥና ታክስ ቢያነሣ፣ የመንግሥት ማስታወቂያም በአንባቢ ብዛትና በግልጽ መስፈርት ቢከፋፈል፣ በአንድ በር የሚሰለፈው የጋዜጣ ወረፋ ይቀንሳል።