ሸክላ ላይ የተጻፈውን ያነበቡት ቄስ

ፊደል ስትማሩ «ይህ ሁሉ ሆሄ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ቄስ ኤድዋርድ ሂንክስን ላስተዋውቃችሁ።

ሂንክስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1792 በአየርላንድ፣ በኮርክ ከተማ ተወለዱ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምረው እዚያው የኮሌጁ ባልደረባ ሆኑ። ከ1825 ጀምሮ ግን በ1866 እስኪሞቱ ድረስ ኪሊሌይ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ርቀው፣ በቅስና አገለገሉ።

እዚያ ተቀምጠው ነው እንግዲህ ሸክላ ላይ የተቀረጸውን የጥንት አሦራውያን ጽሑፍ የመረመሩት። ምልክቶቹ ተነባቢ ብቻ ናቸው የሚሉ ነበሩ። ሂንክስ ግን ምልክቱ ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ እንደሚይዝ አሳዩ፤ ልክ እንደ እኛ «በ፣ ቡ፣ ቢ»። በዚያ ላይ አንዱ ምልክት ብዙ ንባብ ሊኖረው ይችላል። እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ኮድ ቢሰጠኝ ሳልነካው እመልሰው ነበር!

ንባቡን ያላመኑ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ በ1857 ለንደን ላይ ፈተና ተዘጋጀ። ሂንክስን ጨምሮ አራት ሰዎች የአሦርን ንጉሥ የቀዳማዊ ቴልጌልቴልፌልሶርን ጽሑፍ ሳይመካከሩ ተርጉመው፣ ፖስታውን አሽገው ላኩ። ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ትርጉሞቹ በዋና ዋናው ነገር ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ።

ቋንቋው አካድኛ ይባላል፤ የአማርኛ የሩቅ ዘመድ ነው። «ቢቱ» ቤት፣ «ሹሙ» ስም፣ «ሙቱ» ሞት ማለት ነው። «ሊሻኑ»ስ? እስቲ እናንተ ገምቱ።