አስታማሚ የሌላቸው አረጋውያን

ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የተኛ ሽማግሌ ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚያስፈልገው አስታማሚ ነው። ካርድ የሚያወጣለት፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚዞርለት፣ ምግብ ቋጥሮ የሚያመጣለት፣ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር የሚያድርለት ሰው። ይህ ሥራ ደመወዝ የለውም፤ የሚስት፣ የልጅ፣ ቢጠፋ የእህት ልጅ ድርሻ ነው። የጤና አገልግሎታችን ሳይናገር የተደገፈው በዚህ ሰው ጫንቃ ላይ ነው።

ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ያላገባበትን ምክንያት ደግሞ ለማንም ተንፍሶ የማያውቅ ሽማግሌስ? የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ነገር በአገራችን ሲነሳ በቁጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. አንድ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት እንዲህ ያሉ ጎብኚዎችን ወደ ላሊበላና ወደ ሌሎች ታሪካዊ ቦታዎች ሊያመጣ ነው ሲባል የሃይማኖት ማኅበራት ተነሡ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን አስጠነቀቁ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ስለ ሰባ ዓመት አዛውንት ሲወራ አልሰማሁም። እንደ ወሬው ቢሆን እነዚህ ሰዎች አያረጁም።

ሕጉ ግን አብሯቸው አርጅቷል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋን ከልክሎ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ያስቀጣል። ዛሬ 65 ዓመት የሞላው ሰው ከክልከላው ውጭ የኖረበት አንድ ቀን የለም። የነበረው ምርጫ አግብቶ ወልዶ ዝም ማለት ወይም ሳያገባ ዝም ማለት ነው። ያገባው ቢያንስ አስታማሚ አለው።

ላላገባው የጣና ዳርቻ አንድ የተከበረ ጥግ ያውቃል፤ ቆብ መድፋት። በጎጃምም በጎንደርም በስተርጅና መመንኮስ የቆየ ልማድ ነው። ደጋ እስጢፋኖስን በመሰሉ የሐይቁ ገዳማት ውስጥ «ለምን አላገባህም?» የሚል ጠያቂ የለም። (የሚመነኩሰው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ሸሽቶ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለነፍሱ ብሎ የሚገባውን ማማት ነውር ነው።)

ከተማ የቀረው ከወረቀት ጋር ይገናኛል። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንቱን ጡረታ አውጥቷል! ጡረተኛው ሲሞት አበሉ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጆችና ለወላጆች ይተላለፋል። ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር አብሮት የኖረው «ጓደኛው» ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ፎገራ የሆነው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም አባል የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው።

እድርስ? እድር ብቸኛውንም ይቀብራል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ለቀስተኛው ይመጣል። ግን «እግዜር ያጥናችሁ» የሚባለው ለማን ነው? ከሁሉ የባሰበት ሰው ከጎረቤት ጋር ተቀላቅሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ እንደ ሩቅ ሰው በጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል።

ኒውዮርክ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ አረጋውያን የሚቆረቆረው ሴጅ የተባለ ድርጅት የተመሠረተው በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ብቸኛውን አዛውንት ቤቱ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው መላክ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ለዚህ ሕግ መለወጥ አያስፈልግም። የባሕር ዳር ቀበሌዎችና ሆስፒታሎች ለማንኛውም ጧሪ አልባ ሰው፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ፣ አስታማሚ መመደብ ይችሉ ነበር ባይ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ሲያዝ ያገባና ያላገባ ብሎ አልለየም።

እስከዚያው በእጅ ያለው ኑዛዜ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ንብረትን ለዘመድ ብቻ ሳይሆን ለወደዱት ሰው መናዘዝ ይፈቅዳል። ተናዛዡ ራሱ ሙሉ በሙሉ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ ምስክር እንኳ አይፈልግም። ብቻ በሰባት ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይፈርሳል።