ለፊልቱ ኖራማ አፈር ከቡና ይልቅ አጋም

ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ፍሬ የሚሰጥ ቁጥቋጦ በግቢው እንዲኖር የማይሻ የለም። በአገራችን በዚህ ቀድሞ የሚታወሰው ቡና ነው። ይሁንና ከጉጂ ወይና ደጋ የመጣ የቡና ችግኝ ፊልቱ ላይ ቢተከል፣ ውሃ ባያጣም ቅጠሉ ሊገረጣ ይችላል። ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን አፈሩም ነው።

ቡና አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ የአፈሩ ፒኤች ከ5 እስከ 6.5 ሲሆን ይስማማዋል። በውጭ አገር በየጓሮው የሚለማው ብሉቤሪ ደግሞ ከ4.5 እስከ 5.5 ይፈልጋል። በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለው ቆላ ግን በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ያለበት በመሆኑ አፈሩ ብዙ ጊዜ ከ7 በላይ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ብረት ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል።

አፈርን በቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። ጥቂት ደረቅ አፈር በሲኒ ወስደው ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለው። ካላወጣ ግን አሲዳማ ነው ማለት ስላልሆነ በላቦራቶሪ ማስመርመር ያስፈልጋል።

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ በመሆኑ የደጋ አርሶ አደሮች ማሳቸውን በኖራ ያክማሉ። ይህ ምክር ለኖራማ አፈር አይሠራም። በፊልቱ ጓሮ ኖራም ሆነ አመድ መጨመር ችግሩን ያባብሳል፤ የሚበጀው በደንብ የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት የሚቀርበው አጋም ነው። ድርቅንና ድንጋያማ ቦታን ይቋቋማል፤ ሲበስል የሚጠቁረው ፍሬው ይበላል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ያስባለው እሾሁም ጥሩ አጥር ያደርገዋል። ሕያው አጥር ያለው ቤተሰብ ለአጥር ብሎ በየጊዜው ግራር ከመቁረጥ ይድናል።

ዘሩ ቶሎ የመብቀል አቅሙን ስለሚያጣ ከበሰለ ፍሬ አውጥቶ፣ አጥቦ ሳይቆይ መዝራት ይገባል። ችግኙን በመጋቢት በሚጀምረው የጉ ዝናብ ወይም በጥቅምት በሚጀምረው ደይር መትከል ይመረጣል። ፍየልና ግመል ስለሚወዱት እስኪጠነክር ይከለል።

አንድ ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። በአማርኛ መረንዝ፣ በሶማልኛ ዋባዮ የሚባለው ተክል በቅጠሉ፣ በነጭ አበባውና በፍሬው አጋምን ይመስላል። የቀስት መርዝ የሚቀመመው ከእሱ ነው፤ ሰው ይገድላል። መለያው አጋም እሾህ ሲኖረው መረንዝ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ችግኝ የሚያመጣ ሰው ከመትከሉ በፊት እሾሁን ይመልከት፤ ልጆችም እሾህ ከሌለው ቁጥቋጦ ፍሬ እንዳይለቅሙ ይምከር።