አጭር ሽጉጥ ለማሳና ለበረት ጥበቃ ይበጃልን?

እህሉ ካሸተበት ጊዜ ጀምሮ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ገበሬው ቀን ከሥራ ሌሊት ከጥበቃ አያርፍም። ቀን ዝንጀሮው፣ ሌሊት ከርከሮውና ጃርቱ ሰብሉን ያወድማሉ። ጅቡና ነብሩም ከብቱን ይሻሉ። በዚህም ምክንያት በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ማማ ላይ ወጥቶ ወይም በረት አጠገብ እሳት አንድዶ ማደር የቆየ ልማድ ነው። ጠባቂው ምን ይያዝ የሚለው ጥያቄም ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ደጋግሞ የሚቀርብ ነው።

ረጅም ጠመንጃ ትከሻ ያደክማል፣ በቁጥቋጦ መካከልም አይመችም በማለት አጭር ሽጉጥ፣ በተለይም ወፍራም ጥይት የሚተኩስ ስድስት ጎራሽ ይሻላል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ሐሳቡ መነሻ የሌለው አይደለም። ሽጉጥ ወገብ ላይ ስለሚታጠቅ ሁለቱ እጆች ለማጭድና ለዱላ ነፃ ይሆናሉ። ሆኖም በሬ ወይም ላም ተሸጦ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ ይገባል። ስሕተቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ሊያስከፍል ይችላልና።

የስድስት ጎራሹ ጠባይ

ስድስት ጎራሽ፣ በውጭ ስሙ ሪቮልቨር፣ ጥይቶቹን የሚይዘው በሚሽከረከር ክብ ቤት ውስጥ ነው። ቃታው በተሳበ ቁጥር ክብ ቤቱ አንድ እርምጃ ይዞርና ቀጣዩ ጥይት ከበርሜሉ ትይዩ ይመጣል። በመሆኑም አንድ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ሌላ ጥይት ያቀርባል። እንደ ባለ ካዝና ሽጉጥ የከሸፈውን ጥይት በእጅ ስቦ ማውጣት አያስፈልግም። በድንገት ለሚደርስ አደጋ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ደግሞ የሚይዘው ጥይት አምስት ወይም ስድስት ብቻ መሆኑና በጨለማ መልሶ ማጉረሱ ጊዜ የሚወስድ መሆኑ ነው።

ወፍራም ጥይት ከሚባሉት መካከል በሰሜን አሜሪካ በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የወጣው 44 ማግነም በሰፊው ይታወቃል። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው የተለመደው ክብደቱ 15 ግራም ተኩል ያህል ነው። ይህን የመሰለ ከባድ ጥይት በጣም አጭር በሆነ ሽጉጥ የመያዝ ልማድ የተስፋፋውም በዚያው በሰሜን አሜሪካ፣ በተለይም ትልልቅ ድቦች በሚገኙበት በአላስካ ግዛት ነው። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 በግዛቲቱ ስም «አላስካን» ብሎ ያወጣው ስድስት ጎራሽ ለዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። በርሜሉ ከ6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያንሳል፤ ባዶ ክብደቱ ግን 1 ኪሎ ግራም ከሩብ ገደማ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው መሣሪያው አጭር ሆነ ማለት ቀላል ሆነ ማለት አይደለም።

የአጭርነት ዋጋ

በርሜል ሲያጥር የመጀመሪያው ጉዳት የሚደርሰው በጥይቱ ፍጥነት ላይ ነው። ባሩዱ በርሜሉ ውስጥ ነዶ ሳያልቅ ጥይቱ ስለሚወጣ የቀረው ባሩድ ውጭ እሳትና ድምፅ ሆኖ ይባክናል። የጥይት ጉልበት የሚወሰነው ደግሞ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ በአምስተኛ እጅ ቢቀንስ ጉልበቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ለንጽጽር ያህል በገጠራችን የታወቀው ክላሽንኮቭ አረሩ 8 ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ጉልበቱ በረጅም በርሜል ሽጉጥ ከሚተኮሰው ከተለመደው 44 ማግነም እንኳ ይበልጣል። ጥይቱ ወፍራም ስለሆነ ብቻ ሽጉጡ ከጠመንጃ ይበረታል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳት ዒላማ መሳት ነው። በአጭር ሽጉጥ ላይ በፊተኛውና በኋለኛው አነጣጣሪ መካከል ያለው ርቀት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። የተኳሹ እጅ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ጥይቱ በ25 ሜትር ርቀት ላይ በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። በአነጣጣሪዎቹ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ባለው ጠመንጃ ግን ያው ስሕተት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ጠመንጃው በትከሻ ተደግፎ በሁለት እጅ ሲያዝ፣ ሽጉጡ በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ላይ የሚያዝ መሆኑ ልዩነቱን የበለጠ ያሰፋዋል።

ሦስተኛው ወደ ኋላ የሚመታው ጉልበት ነው። መሣሪያው በቀለለ መጠን ምቱ ይጠነክራል። ለመታጠቅ እንዲቀል ተብሎ ከቀላል ብረት የተሠራ ሽጉጥ ወፍራም ጥይት ሲተኩስ የእጅ አንጓን እስከ ማሳመም ይደርሳል። ምቱን የቀመሰ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ተኩስ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። በዚህ ላይ በሌሊት የሚፈነጥቀው እሳት ዓይንን ለጊዜው ያጨልማል፤ ድምፁም ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። በዚህ የተነሣ ሁለተኛው ጥይት ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው የባሰ ይስታል።

ከአላስካ ምን ይገኛል?

የአላስካ ድብ ለአገራችን እንግዳ አውሬ ነው። ትልቁ ወንድ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። በዚያች ግዛት በደን ለሚሠሩ ሰዎች ደኅንነት የአሜሪካ የደን አገልግሎት ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን በቅርብ ርቀት ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አሳትሟል። በፈተናው ብልጫ ያገኙት ከባድ ጥይት የሚተኩሱ ረጃጅም ጠመንጃዎች እንጂ ሽጉጦች አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1883 እስከ 2009 በአላስካ የጦር መሣሪያ የያዙ ሰዎችና ድቦች የተጋጠሙባቸውን 269 አጋጣሚዎች መርምሯል። በሽጉጥ የተጠቀሙት ከ100 በ84ቱ፣ በረጅም ጠመንጃ የተጠቀሙት በ76ቱ አውሬውን ለማቆም ችለዋል። ይህ ለሽጉጥ የሚያደላ ቢመስልም ሽጉጥ የተተኮሰባቸው አጋጣሚዎች 37 ብቻ ስለነበሩ ሽጉጥ ከጠመንጃ ይበልጣል ለማለት አያስደፍርም። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላው ግኝት ነው። መሣሪያቸውን በተኮሱትና መሣሪያ ይዘው ሳለ ባልተኮሱት መካከል በደረሰው የመቁሰል አደጋ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሳይሳካ የቀረባቸው ምክንያቶችም ተዘርዝረዋል። ለመተኮስ ጊዜ ያጡ፣ መሣሪያቸው የተሰናከለ፣ ዒላማቸውን የሳቱ፣ የቃታ መቆለፊያውን መክፈት የረሱ ነበሩ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እነዚሁ አጥኚዎች የሚገኙበት ቡድን ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከበርበሬ የሚገኘውን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ከቆርቆሮ ዕቃ እየረጩ ድብ ስለ መከላከል ያወጣው ጥናት አለ። ከ1985 እስከ 2006 ከተመዘገቡት አጋጣሚዎች ርጭቱ ቡናማውን ድብ ከ100 ጊዜ በ92ቱ ከድርጊቱ አቁሞታል። ርጭቱን ከያዙት ሰዎችም ከ100 ዘጠና ስምንቱ ሳይቆስሉ ተርፈዋል። ሁለቱ ጥናቶች የመረመሯቸው አጋጣሚዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቁጥሮቹን ፊት ለፊት ማወዳደር አይገባም። ይሁን እንጂ በጊዜው ለእጅ የደረሰና ሁሉም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ማባረሪያ፣ ጉልበት ካለው ግን በጭንቅ ጊዜ ለመጠቀም ከሚያስቸግር መሣሪያ እንደማያንስ ያስረዳሉ።

ወደ አገራችን ማሳ ስንመለስ

በገጠራችን በረት የሚያስቸግረው ጅብ ክብደቱ ከ80 ኪሎ ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ነብሩም ከዚያ ያንሳል። ለ400 ኪሎ ድብ ተብሎ የተሠራ ጥይት ለእነዚህ አያስፈልግም። ዝንጀሮ በመንጋ የሚመጣ እንደመሆኑ መጠን ስድስት ጥይት አይፈታውም። ከርከሮና ጃርት በጨለማ ዝቅ ብለው ስለሚሄዱ በአጭር ሽጉጥ ለመምታት እጅግ አዳጋች ናቸው።

ከዚህም በላይ ማሳው የሚገኘው በሰው መንደር አጠገብ ነው። ዒላማውን የሳተ የሽጉጥ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳንም አያስቆሙትም። በበረት ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ከጅቡ ይልቅ ላሚቱን፣ ከዚያም አልፎ ለእርዳታ የሚሮጠውን ጎረቤት ሊያገኝ ይችላል። ስለሆነም ከዒላማው ኋላ ምን እንዳለ ሳይታይ በሌሊት መተኮስ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት።

በሕግ በኩልም መሪዎች ሊዘነጉት የማይገባ ነገር አለ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስቀጣል። «ለሰብል ጥበቃ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የዱር እንስሳትም በሕግ የሚጠበቁ ናቸው። አስቸጋሪ አውሬ ሲበዛ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ማመልከት እንጂ በየግል መተኮስ መፍትሔ አይደለም።

መሪዎች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች

አንድ አባል ለጥበቃ የሚሆን ሽጉጥ መግዛት እፈልጋለሁ ብሎ ምክር ሲጠይቅ መሪው አስቀድሞ የበረቱን ሁኔታ ቢያይ ይበጃል። አጥሩ በቁመት የሚበቃ ነው? እሾሁ ጥቅጥቅ ያለ ነው? ጥጃና ግልገል ማታ ማታ በር ባለው ቤት ይገባሉ? የሞተ ከብት ይቀበራል ወይስ በመንደር ዳር ይጣላል? በመንደር ዳር የሚጣል ጥንብ ጅብን ወደ በረት የሚጠራ ነው። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚገዛ መሣሪያ ለተከፈተ በር ዘበኛ እንደ መቅጠር ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥበቃው አደረጃጀት ነው። በየማሳው አንድ ሰው ለብቻው ከሚያድር ጎረቤታሞች በተራ ሁለት ሁለት ሆነው ቢጠብቁ ድካሙም ፍርሃቱም ይቀንሳል። ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ንቁ ውሻ፣ ወንጭፍ፣ ጅራፍና የሚንኳኳ ቆርቆሮ አውሬውን ከሩቅ ለማባረር ያገለግላሉ። ባትሪው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የመጣው አውሬ ይሁን የጠፋች ጥጃ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሕግ የተፈቀደለት ሰው ሽጉጥ የሚመርጥ ከሆነ መመዘኛው የጥይቱ ውፍረት ሊሆን አይገባም። በእጁ ልክ የሚያዝ፣ ስድስቱንም ጥይት ሳይጨፍን ሊተኩስበት የሚችል፣ ጥይቱም በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ መሆን አለበት። በርሜሉ በጥቂት ጣት ቢረዝም ለመታጠቅ ብዙ አያስቸግርም፤ ለማነጣጠር ግን በጣም ይረዳል። ከክብደትም አንፃር በጣም ከቀለለው ይልቅ መጠነኛ ክብደት ያለው ይመረጣል። አፎቱ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና ሰው ሲያጎነብስ መሣሪያውን የማይጥል ሊሆን ይገባል። በአጨዳ ጊዜ ሽጉጥን በኪስ ወይም በመቀነት መሐል መያዝ ለራስ እግር ጠላት መሆን ነው። ቤት ሲገባም ጥይቱ ከመሣሪያው ወጥቶ ሁለቱ ለየብቻቸው ልጅ በማይደርስበት ቦታ መቆለፍ ይኖርባቸዋል።

የምሽት ጥበቃ ተራ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ የመሣሪያም ጉዳይ አብሮ ቢነሣ ጥሩ ነው። ማን ፈቃድ እንዳለው፣ ማን በየትኛው ማማ እንደሚያድር፣ በየት አቅጣጫ መተኮስ እንደማይቻል ሁሉም አባል አውቆት ቢሄድ፣ በመኸሩ ማግስት የሚቆጠረው የተረፈው እህል እንጂ የቆሰለ ሰው አይሆንም።