ኖራ የቀመሰ በቆሎ

የሜክሲኮን ቶርቲያ ያየ ሁሉ «የበቆሎ ቂጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቂጣስ ቂጣ ነው። ግን ስሙኝ፤ ደረቅ በቆሎ አስፈጭታችሁ በውኃ ብታቦኩት ቶርቲያ አይወጣችሁም። ሊጡ አይያያዝም፤ ስትጠፈጥፉት ይሰነጠቃል፣ ስታጥፉት ይሰበራል። ምሥጢሩ ያለው ከወፍጮው በፊት ነው።

በቆሎው የሚቀቀለው ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ነው! አዎ፣ ኖራ፤ ያውም ለምግብ የሚሆነው ንጹሑ ዓይነት። ጥቂት ይንተከተክና ከእሳት ወርዶ እዚያው እንደተዘፈዘፈ ያድራል። ጠዋት በእጅ ሲያሹት ገለፈቱ እየተሙለጨለጨ ይለቃል። ታጥቦ፣ እንደረጠበ ድንጋይ ላይ በመጅ ሲዳጥ የሚወጣው ሊጥ ልስልስ ያለ ነው፤ ኖራው ከገለፈቱ ያሟሟው ነገር እንደ ሙጫ ያያይዘዋል። ከዚያ ጠፍጥፎ በጋለ ምጣድ ላይ ጣል ነው። ገልበጥ ሲያደርጉት ነፋ ካለ፣ ደኅና ቶርቲያ ነው።

እንዲህ የተሰናዳው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል። ቃሉ የአዝቴኮች ቋንቋ የናዋትል ነው፤ «ኔሽትሊ» አመድ ማለት ነው። ኖራ ከሌለ የእንጨት አመድም ያንኑ ሥራ ይሠራልና። «ቶርቲያ» ስፔኖች ያወጡለት ስም ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ትላሽካሊ ይሉት ነበር። የበቆሎ የትውልድ አገርም እዚያው ነው። የደቡብ ሜክሲኮ ሰዎች ቴዮሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር ያላመዱት ከ9000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስፔኖች በቆሎውን ወደ አውሮፓ ሲያሻግሩ ዘዴውን እዚያው ተዉት። በቆሎ ውስጥ ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን አለ፤ በኖራ ካልተቀቀለ ግን ሰውነታችን አብዛኛውን ሊጠቀምበት አይችልም። ከበቆሎ በቀር ሌላ ብዙም የማይቀምሱ ድኾች ቆዳቸው ይላላጥ፣ ሆዳቸው ይታወክ፣ አእምሯቸው ይቃወስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1735 ጋስፓር ካሳል የተባለ ስፔናዊ ሐኪም በሽታውን አስቱሪያስ ውስጥ ዘገበው፤ ጣሊያኖች ፔላግራ አሉት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ሰው ፈጀ። ተላላፊ ነው ተብሎ ሲፈራ፣ ከ1914 ጀምሮ ያጠናው ጆሴፍ ጎልድበርገር መንሥኤው የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ ኒያሲን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። ቶርቲያውን ከቦሎቄ ጋር የሚበላው የሜክሲኮ ገበሬ ግን ያን ሁሉ ዘመን ፔላግራ ብዙም አላገኘውም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ድንጋዩ ሴቶችን ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሶ ለሰዓታት ያንበረክካቸው ነበር። ዛሬ ያን ድካም ማሽን ወስዶታል፤ ቶርቲያ ቤት የሌለው ሰፈርም አይገኝ። ሰው ጨርቁን ይዞ ይሰለፋል፣ ትኩሱን በኪሎ አስመዝኖ ይጠቀልላል። ልጆች ደግሞ ቤት እስኪደርሱ አይታገሡም፤ ከላይ አንዷን መዘዝ አድርገው፣ ጨው ነስንሰው፣ ጠቅልለው መንገድ ላይ ይበሏታል።