የቤታችን ቃል ምንድን ነው?

ጌታ ኢየሱስ ያደገው በናዝሬት፣ በአንድ አናጢ ቤት ነው። የእኛም አዳማ ለብዙ ዓመት በዚሁ ስም ተጠርታለች፤ ዛሬም ናዝሬት የሚላት ብዙ ነው። ታዲያ በእኛዋ ናዝሬት ያለው የአማኝ ቤት እንዴት ነው?

ኑሯችንን ታውቁታላችሁ። አንዱ ቤት አባት ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይወርዳል። ሌላው ቤት እናት አበባ እርሻ በማለዳ ትገባለች። ማታ ሲገናኙ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፦ ለሠርጉ ስንት እንስጥ? ዕቁቡ ሲደርሰን ምን እናድርግበት? ከገጠር የመጣው ዘመድ እኛ ጋ ይቀመጥ? ልጁ በስንት ሰዓት ይግባ? ሁሉም እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሁሉም ጭቅጭቅ ይሆናል። ለምን? አስቀድመን የተስማማንበት ነገር ስለሌለ ነዋ!

ኤርምያስ 35ን አንብቡ። ነቢዩ በሬካባውያን ፊት ወይን አቀረበ። እነርሱ ግን እንመካከር አላሉም፤ አባታቸው ኢዮናዳብ ያዘዛቸው ነገር ስለነበረ ወዲያው እንቢ አሉ። ኢዮናዳብ እኮ ከእነርሱ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረ ሰው ነው! እግዚአብሔር ያመሰገነው ታማኝነታቸውን ነው። ቤቱ ቃል ስለነበረው ውሳኔው ቀላል ሆነ።

እኔም ልናዘዝ። ስለ ቤተሰብ እየሰበክሁ፣ ቤቴ ግን እራት ላይ ስልክ የማወራ አባት ነበርሁ። አንድ ማታ ትልቋ ልጄ፣ «አባዬ፣ እኛ ቤት ስልክ የተከለከለው ለልጆች ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በዚያ ሳምንት አብረን ተቀመጥን።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ሁሉም ቤት የሚገኝበትን አንድ ማታ ምረጡና ጸልዩ። ከዚያ እያንዳንዱ፣ ትንሹም ልጅ ሳይቀር፣ «ቤታችን በምን ቢታወቅ ትወዳለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ከተባለው ሦስት ወይም አራት ብቻ ያዙ፤ አሥር ከሆነ ማንም አያስታውሰውም። ቃሉን ወደ ተግባር አውርዱት። «እንዋደድ» ብቻ አትበሉ፤ «ተኳርፈን አናድርም» በሉ። «እንቆጥብ» ብቻ አትበሉ፤ «ለድግስ ብለን አንበደርም» በሉ። በቤታችሁ በሚነገረው ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ ጽፋችሁ ሁሉም የሚያየው ቦታ ለጥፉት።

በሚቀጥለው ጊዜ የሠርግ መዋጮ ሲመጣ ባልና ሚስት አትፋጠጡ፤ ወደ ግድግዳው ተመልከቱ። ክርክሩ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» መሆኑ ቀርቶ «የተስማማነው ምን ነበር?» ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ቃሉ መጀመሪያ የሚያስረው ወላጆችን ነው። ዘዳግም 6 ትእዛዙ በቅድሚያ በወላጅ ልብ ይኑር፣ ከዚያ ለልጅ ይነገር ይላልና። አባት ሲያፈርሰው ልጁን ይቅርታ ይጠይቅ። ይህ አያሳንስህም ወንድሜ! ልጅህ ወንጌልን የሚያየው እዚያ ላይ ነው። ሕግ ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ጸጋ ያቆማል።

ዛሬ ማታ ጀምሩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።